ጃን ሎሬንዞ በርኒኒና «እውነት» የተባለው ሐውልቱ

በጌዴኦ ምድር፣ በእንሰትና በቡና ተክል መካከል ቀጥ ብለው የቆሙትን ትክል ድንጋዮች ያላየ ወይም ስለ እነርሱ ያልሰማ አንባቢ ይኖራል ብለን አናስብም። በቱቱ ፈላና በጨልባ ቱቲቲ ከሚገኙት መካከል የሰው ፊትና ሌላም የአካል ምልክት የተቀረጸባቸው አሉ። የካፑቺን ማኅበር አባል የነበሩት ፈረንሳዊው አባ አዛይስ በ1920ዎቹ በደቡብ ኢትዮጵያ ተዘዋውረው የዚህን ዓይነት ድንጋዮች መርምረው ውጤቱን በ1931 በመጽሐፍ አሳትመዋል፤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርም በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ መሮውን ይዞ ድንጋዩን የጠረበው ሰው ማን እንደ ነበረ፣ ምን እንዳስጨነቀው፣ በማን እንዳዘነ የሚነግረን ጽሑፍ የለም። ሥራው ደርሶናል፤ የሠሪው ስም ግን ከእርሱ ጋር ተቀብሯል።

ዛሬ የምናቀርበው ታሪክ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ስሙ፣ ቤተ ሰቡ፣ ክብሩ፣ ጠቡና ኃጢአቱም ሳይቀር በጽሑፍ የቆየለት በሮም ከተማ የኖረ ቀራጺ ነው። የቅዱስ ጴጥሮስን አደባባይ በፎቶግራፍ ወይም በቴሌቪዥን የተመለከተ ምእመን ሁሉ፣ ስሙን ባያውቅ እንኳ የእጁን ሥራ ያውቃል። ይህ ሰው በአደባባይ በተዋረደ ጊዜ፣ ጠበቃ እንድትሆነው ከዕብነ በረድ አንዲት ሴት ቀርጾ «እውነት» አላት። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ጃን ሎሬንዞ በርኒኒ በታኅሣሥ 7 ቀን 1598 በኔፕልስ ከተማ ተወለደ። አባቱ ፒየትሮ ከፍሎሬንስ አካባቢ የመጣ ቀራጺ ሲሆን እናቱ አንጀሊካ የኔፕልስ ተወላጅ ነበረች። ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ቤተ ሰቡ ሥራ ፍለጋ ወደ ሮም ተሻገረ። የሕይወት ታሪኩን የጻፉት ሰዎች እንደሚተርኩት፣ ብላቴናው በር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 5ኛ ፊት ቀርቦ የቅዱስ ጳውሎስን ራስ ሥዕል ወዲያው ሥሎ ስላሳየ ቅዱስ አባታችን ተደንቀው ለትምህርቱ እንዲታሰብለት አደረጉ። የእርሳቸው የእኅት ልጅ ካርዲናል ሺፒዮኔ ቦርጌዜ ደግሞ ወጣቱን ለቤታቸው ሐውልቶችን እንዲሠራ ቀጠሩት። ዕድሜው ሠላሳ ሳይሞላ ከሠራቸው መካከል ድንጋይ ሊወረውር የተጠማዘዘው ዳዊት ይገኛል። ለዳዊት ፊት የራሱን ፊት በመስተዋት እያየ ሲቀርጽ፣ መስተዋቱን ይዘው የቆሙለት ካርዲናል ማፌዮ ባርቤሪኒ ነበሩ ይባላል። እኒሁ ካርዲናል በ1623 ር.ሊ.ጳ. ኡርባኖስ 8ኛ ተብለው በጴጥሮስ መንበር ተቀመጡ።

ከዚህ በኋላ ለሃያ ዓመታት ያህል በርኒኒ ያልተሰጠው ሥራ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ከዋናው መንበረ ታቦት በላይ የቆመው ከነሐስ የተሠራ ታላቅ ጥላ የእርሱ ነው፤ በ1624 ተጀምሮ በ1633 ተፈጸመ። በ1629 የባዚሊካው ዋና አርክቴክት ሆኖ ሲሾም ገና ሠላሳ ዓመቱ ነበር።

ውድቀቱም የመጣው ከዚሁ ከባዚሊካው ነው። የባዚሊካውን የፊት ግንብ የሠራው ቀዳሚው አርክቴክት ካርሎ ማዴርኖ በግራና በቀኝ ጫፍ የደወል ቤት የሚቆምባቸውን መሠረቶች ትቶ አልፎ ነበር። በ1637 ሥራው ለበርኒኒ ተሰጠ። እርሱ ያቀደው የደወል ቤት ግን ማዴርኖ ካሰበው እጅግ የረዘመና የከበደ ነበር። በደቡብ በኩል ያለው ግንብ በ1641 ከፍ ብሎ እንደ ታየ በታችኛው የፊት ግንብ ላይ ስንጥቆች ተገኙ። ከመሠረቱ በታች ያለው አፈር ውኃ የሚመላለስበት፣ ጽኑ ያልሆነ አፈር ነበር። ሥራው ቆመ፤ ወሬው ግን አልቆመም።

ኡርባኖስ 8ኛ እስከ ኖሩ ድረስ ማንም ሊነካው አልደፈረም። እርሳቸው በ1644 ዐርፈው ር.ሊ.ጳ. ኢኖቼንሲዮስ 10ኛ ሲተኩ ግን ነገሩ ተለወጠ። ጉዳዩን የሚመረምር ጉባኤ ተሰየመ። ከበርኒኒ ጋር አብሮ የሠራውና በኋላ ተፎካካሪው የሆነው ፍራንቼስኮ ቦሮሚኒ የግንቡን ክብደትና የመሠረቱን ድካም እየዘረዘረ ነቀፈው። በየካቲት 1646 የደወል ቤቱ እንዲፈርስ ታዘዘ። ብዙ ገንዘብና የብዙ ዓመታት ድካም የፈሰሰበት ግንብ፣ ሕዝቡ እያየ ድንጋይ በድንጋይ ወረደ። እኛ እንደሚመስለን ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አልነበረም፤ መሠረቱን የጣለው ሌላ ሰው ነው፤ ስለ አፈሩ የጠየቃቸው ባለሙያዎችም ይጸናል ብለውታል። ዳሩ ግን ስንጥቁ ከመታየቱ በፊት ግንቡን ያከበደውና ያስረዘመው እርሱ ነበርና ነጻ ነው ማለትም አይቻልም።

በርኒኒ በዚህ ጊዜ ለማንም መልስ አልጻፈም። ማንም ሳያዝዘውና ማንም ሳይከፍለው፣ በገዛ ገንዘቡ፣ ዕብነ በረድ አቁሞ መቅረጽ ጀመረ።

ስለ ሐውልቱ ከመናገራችን በፊት ተምሳሌታዊ ሐውልት ምን እንደ ሆነ በአጭሩ ማስረዳት ያስፈልጋል። ቀራጺ ምሕረትን ወይም ፍትሕን በዓይን ሊያሳይ ሲፈልግ ሰው አድርጎ ይቀርጻታል፤ ማንነቷም በእጇ በያዘችው ወይም በእግሯ በረገጠችው ዕቃ ይታወቃል። ይህ አሠራር ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን እንግዳ ሊሆንባቸው አይገባም። መጽሐፈ ምሳሌ ጥበብን ቤት ሠርታ፣ ማዕድ አሰናድታ፣ ሰዎችን የምትጠራ ሴት አድርጎ ያቀርባታል፤ ቀራጺውም ያንኑ በድንጋይ ያደርገዋል።

የበርኒኒ «እውነት» ቁመቷ ወደ 2 ሜትር ከ80 ነው። በድንጋይ ላይ ጋደል ብላ ተቀምጣለች። በቀኝ እጇ ፀሐይን ይዛለች፤ እውነት ብርሃንን ትወዳለችና። ግራ እግሯ ምድርን በምትወክል ሉል ላይ ዐርፏል፤ ከዓለም ነገር ሁሉ ትበልጣለችና። ልብስ አልለበሰችም፤ የምትደብቀው ነገር የላትምና። ፊቷ ወደ ላይ ቀና ብሎ ፈገግ ይላል። በስተ ኋላዋ ያለው ግምጃ አንድ ሰው ከላይ እንደሚስበው ሆኖ ይነሣል፤ የሚስበው ግን አይታይም። በርኒኒ ያሰበው «ጊዜ» የተባለ ክንፍ ያለው ሽማግሌ ከላይ በርሮ መጥቶ መጋረጃውን ከእርሷ ላይ ሲገፍፍ ለማሳየት ነበር። ትርጉሙ ለሮም ሰው ሁሉ ግልጽ ነበር፦ ዛሬ ብትፈርዱብኝም ጊዜ እውነቱን ይገልጠዋል ማለቱ ነው። «እውነት»ን በ1652 ገደማ አደረሳት። «ጊዜ»ን ግን አልቀረጸውም።

ብዙዎች ይህን ታሪክ ሲተርኩ እዚህ ላይ ያቆሙና በርኒኒን በግፍ የተከሰሰ ሰው አድርገው ያሳልፉታል። እኛ ግን እውነት ከተነሣች ዘንድ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሰን ከደወል ቤቱ ጋር ግንኙነት የሌለውን አንድ ነገር መናገር ይገባናል ብለን እናምናለን።

በርኒኒ በክብሩ ጫፍ ላይ ሳለ፣ በሥራ ቤቱ ከሚያሠራቸው ቀራጮች የአንዱን ሚስት ኮስታንዛ ቦናሬሊን ወድዶ ከእርሷ ጋር ይኖር ነበር። በ1638 የገዛ ወንድሙ ሉዊጂ ወደ እርሷ እንደሚመላለስ ደረሰበት። ወንድሙን በብረት ዘንግ ደብድቦ የጎድን አጥንቱን ሰበረው። ከዚያም ሰይፍ መዝዞ አባረረው፤ ሉዊጂ ሸሽቶ በቤታቸው አቅራቢያ ወደ ነበረው ወደ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ባዚሊካ ሲገባ እርሱም ሰይፉን እንደ ያዘ ተከትሎ ገባ። በዚያው ቀን አሽከሩን ወደ ኮስታንዛ ቤት ልኮ ፊቷን በምላጭ አስተለተላት። ይህን ሁሉ ከምናውቅባቸው ሰነዶች አንዱ እናቱ አንጀሊካ ልጇን የሚገታላት ብታጣ ለካርዲናል ፍራንቼስኮ ባርቤሪኒ የጻፈችው የአቤቱታ ደብዳቤ ነው።

ፍርዱ እንዴት ተሰጠ? አሽከሩ ተሰደደ። ሉዊጂ ወደ ቦሎኛ ተላከ። ፊቷ የተቆረጠው ሴት በዝሙት ተከስሳ ታሰረች። በርኒኒ 3,000 ስኩዲ እንዲከፍል ተፈረደበት፤ ኡርባኖስ 8ኛ ግን ምሕረት አደረጉለት። ኮስታንዛ በ1639 ወጥታ ወደ ባሏ ተመለሰች፤ እስከ 1662 ድረስም በሮም ኖረች። በርኒኒ ከዚህ ሁሉ በፊት በፍቅሩ ዘመን የቀረጸው የፊቷ ምስል ዛሬ በፍሎሬንስ በባርጄሎ ሙዚየም ይገኛል፤ ጉንጯ ምንም ጠባሳ የለበትም።

በ1639 ካተሪና ቴዚዮ የምትባል የሮም ልጃገረድ አግብቶ ዐሥራ አንድ ልጆች ወለደ። ከዚያ በኋላ ኑሮው ተለወጠ፤ ዘወትር ቅዳሴ ይሰማና ማታ ማታ ወደ ኢየሱሳውያን ቤተ ክርስቲያን እየሄደ ይጸልይ እንደ ነበር ከእርሱ ሞት በኋላ ታሪኩን ያሳተሙት ባልዲኑቺና ልጁ ዶሜኒኮ ይናገራሉ። ልጅ ስለ አባቱ ሲጽፍ ማድላቱ ባይቀርም፣ የኋላ ዘመኑን ሥራዎች የተመለከተ ሰው ነገሩን ከንቱ ውዳሴ ነው ብሎ አይጥለውም።

እንግዲህ «እውነት»ን የጠራት ሰው ይህ ነበር። ስለ ግንቡ መሠረት ትመሰክርለት ዘንድ ጠራት፤ ጊዜ ግን መጋረጃውን ሲገፍፍ ቀራጺው የፈለገውን ክፍል ብቻ አልገፈፈም። የእናቱ ደብዳቤም አብሮ ተገለጠ።

ከዚሁ የውርደት ዘመን ሳንወጣ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ቅርብ የሆነ አንድ ሥራ አለ። ኢኖቼንሲዮስ 10ኛ በቤተ ዘመዳቸው ቤተ መንግሥት ፊት ባለው በናቮና አደባባይ ትልቅ ፏፏቴ ለማሠራት ባሰቡ ጊዜ ሌሎችን ቀራጮች አወዳደሩ፤ በርኒኒን ግን አልጠሩም። ልዑል ኒኮሎ ሉዶቪዚ የበርኒኒን ንድፍ በትንሹ አሠርተው ር.ሊ.ጳ. በሚያልፉበት ክፍል አስቀመጡት። ቅዱስነታቸው ባዩት ጊዜ ልባቸው ተማረከና ሥራውን ሰጡት። በእህል እጦት የተጨነቀው የሮም ሕዝብ እንጀራ አጥቶ ሳለ ለድንጋይ ገንዘብ መውጣቱን አጥብቆ ተቃወመ፤ በየድንጋዩ ላይም የስድብ ወረቀት ይለጠፍ ነበር። ይህን ቅሬታ ዛሬም ቢሆን ተገቢ አልነበረም የሚል ያለ አይመስለንም። ፏፏቴው በሰኔ 1651 ተመረቀ።

በዚህ ፏፏቴ ላይ ከግብጽ ድንጋይ የተጠረበ ረጅም ሐውልት በመካከል ቆሟል፤ በዙሪያው አራት ክፍለ ዓለማትን የሚወክሉ አራት ወንዞች በግዙፍ ሰዎች አምሳል ተቀምጠዋል። ዳኑብ አውሮፓን፣ ጋንጅስ እስያን፣ ሪዮ ዴ ላ ፕላታ አሜሪካን ይወክላሉ። አፍሪካን የሚወክለው ዓባይ ነው። በበርኒኒ ንድፍ መሠረት ፋንቼሊ የተባለ ቀራጺ የሠራው ይህ ዓባይ ፊቱን በልብስ ተከናንቧል፤ ምንጩ ከየት እንደ ሆነ አይታወቅም ለማለት ነው። አስጎብኚዎች ፊቱን የሸፈነው ፊት ለፊት ያለውን የቦሮሚኒን ቤተ ክርስቲያን ላለማየት ነው እያሉ ያስቃሉ፤ ነገር ግን ቤተ ክርስቲያኑ የተጀመረው ፏፏቴው ከተመረቀ በኋላ በ1652 ነውና ተረት ነው።

ምንጩ አይታወቅም የተባለውም ቢሆን ለማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። የጎጃም ገበሬ ግሽ ዓባይን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል፤ በጠበሉም ይጠመቅበታል። ኢየሱሳዊው አባ ጴድሮ ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆነው በሚያዝያ 21 ቀን 1618 በምንጩ አጠገብ ቆመው ያዩትን ጽፈዋል። በ1649፣ ፏፏቴው እየተሠራ ሳለ፣ የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ በዚያው በሮም ነበሩ። የተቀመጡትም ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በስተ ጀርባ ባለው በኢትዮጵያውያን ቤት በቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። ይህ ቤት ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የኢትዮጵያ መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ ሲሆን፣ ከመቶ ዓመት በፊት በ1548 እና በ1549 አዲስ ኪዳንን በግዕዝ ያሳተሙት አባ ተስፋ ጽዮንም ከዚሁ ቤት ነበሩ። ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ በዚያ ዓመት ወደ ሮም መጥቶ ከአባ ጎርጎርዮስ ግዕዝና አማርኛ መማር ጀመረ፤ በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ከእኚህ አባት የተቀዳ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ግን መጽሐፉን አላዩትም፤ በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ መርከባቸው በመስጠሟ ሕይወታቸው ዐለፈ።

በበርኒኒ ቤት መጋረጃው የተገፈፈላት «እውነት» ስትቀረጽ፣ በአደባባዩ ደግሞ ዓባይ ይከናነብ ነበር። ስለ ዓባይ ሊናገሩ የሚችሉ ኢትዮጵያዊ ካህን ግን በእግር በሚደረስበት ሥፍራ ተቀምጠው ነበር። የአደባባዩን ሐውልት የግብጽ ጽሑፍ ለመተርጎም የደከመው አትናስዮስ ኪርሸር ራሱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአባ ፓኤዝን ትረካ በመጽሐፉ አሳተመ። ድንጋዩ ግን አንዴ ተቀርጿልና ዓባይ ዛሬም እንደ ተከናነበ ነው።

ፏፏቴው የበርኒኒን ክብር መለሰለት። በዚያው ዘመን የቅድስት ተሬዛ ዘአቪላን ተመስጦ የሚያሳየውን ሥራ በ1652 ፈጸመ። ር.ሊ.ጳ. እስክንድር 7ኛ በ1655 ሲመረጡ ደግሞ የቅዱስ ጴጥሮስን አደባባይ ሰጡት። ከ1656 ጀምሮ በተሠራው በዚህ አደባባይ 284 ዐምዶች በሁለት ክንድ አምሳል ምእመናንን ያቅፋሉ፤ ከላያቸውም 140 የቅዱሳን ሐውልቶች ቆመዋል። በ1665 ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ወደ ፓሪስ አስጠርተውት ጥቂት ወራት ተቀመጠ፤ የቤተ መንግሥት ንድፉ ሳይሠራ ቀርቶ የንጉሡን የፊት ሐውልት ብቻ አድርሶ ተመለሰ። በዚያ ቆይታው ስለ «ጊዜ» ሐውልት ያወራ እንደ ነበር ተጽፏል፤ በሥሩም በዘመን ብዛት የፈረሱ ዐምዶችና መቃብሮች ሊያደርግለት ያስብ ነበር። ዕድሜው 66 ነበር፤ ሐሳቡን ገና አልተወውም።

«እውነት»ም አልተወችውም። ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ የእስክንድር 7ኛን መቃብር ሲሠራ ከአራቱ ምግባራት አንዷን «እውነት» አደረጋት፤ እዚህም እግሯ በምድር ሉል ላይ ነው። ከታች ከነሐስ የተሠራ ዐፅም መጋረጃውን ከፍ አድርጎ የአሸዋ ሰዓት በእጁ ይዞ ይወጣል። ያልተቀረጸው ሽማግሌ በመጨረሻ በሌላ መልክ መጣ ለማለት ያስደፍራል፤ መጋረጃ የሚያነሣ ነው፣ ጊዜንም ይዟል፤ ነገር ግን ሞት ነው። ሥራው በ1678 ሲያልቅ ር.ሊ.ጳ. ኢኖቼንሲዮስ 11ኛ የ«እውነት» ራቁትነት ለቤተ ክርስቲያን አይገባም ብለው እንድትሸፈን አዘዙ። ሰማንያ ዓመት የቀረበው በርኒኒ ታዝዞ ከብረት ልብስ ሠራላት፤ ዕብነ በረድ እንዲመስልም ነጭ ቀለም ተቀባ።

በመጨረሻ ዘመኑ ስለ መልካም ሞት አዘውትሮ ያስብና የወንድሙ ወይም የእኅቱ ልጅ የሆኑትን ካህን አባ ፍራንቼስኮ ማርኬዜን ያማክር ነበር። ከመሞቱ አስቀድሞ ቀኝ እጁ ሽባ ሆነ። በኅዳር 28 ቀን 1680፣ 82 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ዐረፈ። በኑዛዜው «እውነት»ን ከቤተ ሰቡ እንዳትወጣና ከበኵር ልጅ ወደ በኵር ልጅ እንድትተላለፍ አዘዘ። ልጆቹም ቃሉን ጠብቀው እስከ 1924 ድረስ አቆዩአት፤ በዚያ ዓመት የኢጣሊያ መንግሥት ገዛት። ዛሬ በቦርጌዜ ቤተ ሥዕል፣ ከወጣትነት ሥራዎቹ አጠገብ ትገኛለች፤ ከራሷ በላይ ያለው ሥፍራ ባዶ ነው።

እርሱ ራሱ ለስንቱ ጳጳስ መቃብር ሲያስጌጥ የኖረ ሰው ለራሱ ሐውልት አላቆመም። የተቀበረው ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በ2025 ባረፉበት በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ባዚሊካ፣ በ1638 ሰይፍ ይዞ ወንድሙን ባሳደደበት ቤት ውስጥ ነው። ከዋናው መንበረ ታቦት በስተ ቀኝ፣ በደረጃው አጠገብ፣ ወለል ላይ የተነጠፈ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። የቤተ ሰቡ ስምና በዚያ ሆነው ትንሣኤን እንደሚጠብቁ ብቻ ተጽፎበታል።